401ኬ ደረጃ በደረጃ፦ አሠሪያችሁ የሚጨምረውን ሳታጡ፣ ሥራ ስትለቁም ሳትከስሩ

ከአንድ ሆቴል ሥራ ስለቅ 401ኬ በሚባለው፣ ከደመወዝ እየተቆረጠ በሚጠራቀመው የጡረታ ቁጠባ ውስጥ የራሴ 6,400 ዶላር ነበረኝ። መኪናዬ ሞታብኝ ስለነበር "ቼክ ላኩልኝ" አልኩ። የመጣው ቼክ 5,120 ይላል፤ 20 በመቶው ለፌዴራል ታክስ ተቆርጧል። ኤፕሪል ላይ ታክስ ሳሠራ ደግሞ ሌላ መጣ። የገቢ ታክሱ 768 ዶላር፣ ያለ ዕድሜ የማውጣት ቅጣቱ 640 ዶላር፣ በድምሩ 1,408። የተቆረጠብኝ 1,280 ስለነበር 128 ዶላር ከኪሴ ጨመርኩ። የስቴቱ ታክስ ለብቻው ነው። አሠሪዬ ከጨመረልኝ ወደ 2,000 ዶላር ገደማ ደግሞ አምስት ሳንቲም አላገኘሁም። እሱ የጨመረው የእኔ የሚሆነው ሦስት ዓመት ስሠራ ነበር፤ ሊሞላኝ ሁለት ወር ሲቀረው ነው የለቀቅኩት።

ይህንን ስህተት ከእኔ በኋላም ስንቱ ሲደግመው አይቻለሁ። ስለዚህ አሜሪካ ውስጥ ተቀጥራችሁ ለምትሠሩ፣ ከምዝገባ እስከ መልቀቅ ያለውን በቅደም ተከተል አስቀምጫለሁ። ዓመቶቹ ሁሉ በፈረንጆቹ ናቸው።

የግል ኩባንያ ከሆነ ስሙ 401ኬ ነው። ለትርፍ ያልቆመ ሆስፒታል ወይም ትምህርት ቤት ከሆነ 403ቢ፣ ስቴት ወይም ካውንቲ ከሆነ ብዙ ጊዜ 457ቢ፣ ፌዴራል ከሆነ ቲኤስፒ ይባላል። ሕጋቸው በአብዛኛው ይመሳሰላል።

ከመጀመራችሁ በፊት

እነዚህን አዘጋጁ፦

- የመጨረሻ የደመወዝ ወረቀታችሁን
- የኤችአር (የሠራተኞች አስተዳደር ክፍል) ድረ ገጽ መግቢያችሁን
- የወራሻችሁን ሙሉ ስም፣ የልደት ቀን፣ ካለውም የሶሻል ሴኩሪቲ ቁጥር

ከዚያ ለኤችአር ኢሜይል ጻፉና "ሰመሪ ፕላን ዲስክሪፕሽን" የሚባለውን ሰነድ ጠይቁ። የፕላናችሁ መተዳደሪያ ደንብ ማለት ነው። በቃል "አይዞሽ፣ ሁሉም አለ" ቢሏችሁ እንኳ ሰነዱን ተቀበሉ። ከውስጡ አራት ነገር ብቻ ፈልጉ፤ መቼ መግባት እንደምትችሉ፣ የማቹን (አሠሪው የሚጨምረውን ገንዘብ) ቀመር፣ የቬስቲንግ ጊዜውን (አሠሪው የጨመረው የእናንተ እስኪሆን የምትጠብቁትን)፣ ብድር ይፈቀድ እንደሆነ። የቀረውን ሌላ ቀን ታነቡታላችሁ።

ደረጃ 1፦ ገብታችሁ እንደሆነ አረጋግጡ

"ሥራ ስጀምር የሆነ ነገር ፈርሜያለሁ" ማስረጃ አይሆንም። የደመወዝ ወረቀቱን አውጡ። ከሚቆረጡት ነገሮች መካከል 401ኬ የሚል መስመር ከሌለ አልገባችሁም።

አሠሪው 21 ዓመት እስኪሞላችሁና አንድ ዓመት እስክትሠሩ ሊያስጠብቃችሁ ይችላል። አንድ ዓመት የሚባለው 1,000 ሰዓት የተሠራበት ነው። ፓርት ታይም የምትሠሩም ተስፋ አትቁረጡ። ከ2025 ጀምሮ በተከታታይ ሁለት ዓመት፣ በየዓመቱ ቢያንስ 500 ሰዓት የሠራ ሰው የራሱን ገንዘብ እንዲያስቀምጥ መፍቀድ አለባቸው። ማቹን ግን ለእናንተ የመስጠት ግዴታ የለባቸውም።

ተጠንቀቁ፦ አዳዲስ ፕላኖች ብዙዎቹ ሳትጠይቁ ራሳቸው ያስገቧችኋል፤ ብዙ ጊዜ በ3 በመቶ። ይህ ጥሩ ይመስላል። ችግሩ 3 በመቶው ሙሉውን ማች ላያስገኝ መቻሉ ነው። ስለዚህ አውቶማቲክ ለገባም ሰው ደረጃ 2 አይቀርለትም።

ደረጃ 2፦ የማቹን ቀመር አስሉ

ማች ማለት እናንተ ስታስቀምጡ አሠሪው ከራሱ የሚጨምረው ነው። ሁሉም አሠሪ አይሰጥም። የሚሰጡትም ቀመራቸው ይለያያል። ብዙ ቦታ የምታገኙት እንዲህ ዓይነት ነው፦ "እስከ ደመወዝህ 6 በመቶ ድረስ ለምታስቀምጠው፣ ግማሹን ያህል እንጨምራለን።"

ሰው የሚሰናከለው እዚህ ነው። አንዱ "ግማሽ" የምትለዋን ብቻ ይዞ ተአምር ይጠብቃል። ሌላው "6" የምትለዋን ሳያይ በ3 በመቶ ዓመታት ይቀመጣል።

በቁጥር እንየው። በሰዓት 20 ዶላር፣ በሳምንት 40 ሰዓት የምትሠራ እህት አለች እንበል። የሁለት ሳምንት ቼኳ ከታክስ በፊት 1,600 ዶላር ነው።

- 3 በመቶ ብታስቀምጥ፦ ከእሷ 48፣ ከአሠሪው 24 ዶላር
- 6 በመቶ ብታስቀምጥ፦ ከእሷ 96፣ ከአሠሪው 48 ዶላር

በዓመት 26 ቼክ አለ። በ6 በመቶ አሠሪው 1,248 ዶላር ይጨምርላታል። በ3 በመቶ 624 ብቻ። ልዩነቱን ማንም አያካክስላትም፤ ዓመቱ ሲያልፍ አብሮ ያልፋል።

"96 ዶላር ከቼኬ ቢጎድል ቤት ኪራዩስ?" የሚል ይኖራል። 96 አይጎድልም። ላጤ ከሆነችና ሌላ ገቢ ከሌላት ከዚህ ገንዘብ ላይ 12 በመቶ የፌዴራል ታክስ ትከፍል ነበር። ትራዲሽናል በሚባለው ካስቀመጠች ያ ታክስ አሁን አይቆረጥም። ስለዚህ ከቼኳ የሚቀንሰው 84 ዶላር ተኩል ገደማ ነው። የስቴት ታክስ ያለበት ቦታ ከሆነ ከዚያም ያንሳል። ሶሻል ሴኩሪቲና ሜዲኬር ግን እንደበፊቱ ይቆረጣሉ።

አሁን ወደ ድረ ገጹ ግቡና "ኮንትሪቢውሽን" የሚለውን ክፈቱ። ማቹ የሚሞላበትን መቶኛ ጻፉ። ካስቀመጣችሁ በኋላ የማረጋገጫውን ገጽ ፎቶ አንሱ።

እቁብ ለምትጥሉ አንድ ነገር ልበል። እቁባችሁን ተዉ አልልም። ግን በወር 500 ዶላር እቁብ እየጣለ ማቹን የሚተው ሰው ሞልቷል። እቁብ የጣላችሁትን ያህል ይመልሳል እንጂ አይጨምርም። መጀመሪያ ማቹ እስኪሞላ 401ኬ፣ ከዚያ በተረፈው እቁብ። እቁቡ ሲወጣላችሁ ደግሞ የተወሰነውን ለክፉ ቀን አስቀምጡ። ያ ገንዘብ ካለ 401ኬውን ለመንካት አትገደዱም። ከእኔ የጠፋው ይኼ ነበር።

ሁለት ሥራ ያላችሁ፦ ሁለቱም ቦታ ማች ካለ ሁለቱንም ውሰዱ። ነገር ግን ከራሳችሁ የምታስገቡት የዓመት ጣሪያ በሰው እንጂ በሥራ አይደለም። በ2025 ጣሪያው 23,500 ዶላር ነበር፤ በ2026 24,500 ነው። 50 ዓመት የሞላው በ2026 ሌላ 8,000 መጨመር ይችላል። አንዱ አሠሪ ሌላ ቦታ ስንት እንዳስገባችሁ አያይም፤ ደማሪዎቹ እናንተ ናችሁ። ካለፋችሁ በሚቀጥለው ዓመት ከኤፕሪል 15 በፊት ከጣሪያው ያለፈው እንዲመለስላችሁ ጠይቁ። የአሠሪው ማች በዚህ ጣሪያ ውስጥ አይቆጠርም።

ደረጃ 3፦ ትራዲሽናል ወይስ ሮት

ትራዲሽናል፦ ዛሬ ታክስ አይከፈልም፤ በጡረታ ስታወጡት ይከፈላል። ሮት፦ ዛሬ ታክሱን ትከፍላላችሁ፤ 59 ዓመት ተኩል ካለፋችሁና ሒሳቡ አምስት ዓመት ከሞላው ትርፉም ጭምር ያለ ታክስ ይወጣል።

ገቢያችሁ አሁን ዝቅ ያለ ከሆነና ወደፊት ያድጋል ብላችሁ ካሰባችሁ፣ ለምሳሌ ነርሲንግ እየተማራችሁ ከሆነ፣ እኔ ወደ ሮት አደላለሁ። ግን አንድ ብዙ ሰው የማያውቀው ነገር አለ። መካከለኛና ዝቅተኛ ገቢ ያለው ሰው ለጡረታ ስላስቀመጠ ብቻ መንግሥት ከታክሱ ላይ ይቀንስለታል። "ሴቨርስ ክሬዲት" ይባላል።

ወደ እህታችን እንመለስ። የዓመት ገቢዋ 41,600 ዶላር ነው። ለ2025 የላጤ ጣሪያው 39,500 ስለሆነ የሚገባት አይመስልም። 6 በመቶውን በትራዲሽናል ስታስቀምጥ ግን 2,496 ይቀነስና ገቢዋ 39,104 ይሆናል። ገባች! ከታክሷ 200 ዶላር ይቀነስላታል። ሮት ብትመርጥ ኖሮ ገቢዋ ስለማይቀንስ አታገኘውም ነበር። ባልና ሚስት አብረው ታክስ ከሠሩ ጣሪያው 79,000 ነበር። የሙሉ ጊዜ ተማሪ የሆነ አይመለከተውም፤ በሌላ ሰው ታክስ ላይ በጥገኝነት የተመዘገበም እንዲሁ።

ታክስ የሚሠራላችሁን ሰው "ፎርም 8880 ሞልተሃል?" በሉት። ዝም ካለ አስሞሉት።

ደረጃ 4፦ ገንዘቡ ምን ላይ እንደዋለ እዩ

"ኢንቨስትመንት" የሚለውን ክፈቱ። አማራጩ ብዙ ሆኖ ግራ ከገባችሁ "ታርጌት ዴት ፈንድ" የሚለውን ፈልጉ። ፈንድ ማለት ገንዘባችሁ ብዙ አክሲዮንና ቦንድ ላይ ተበትኖ የሚውልበት ቅርጫት ነው። ከጎኑ ዓመት አለው፤ 2045፣ 2050፣ 2055። 65 ዓመት የሚሞላችሁን ዓመት አስሉና የሚቀርበውን ምረጡ። ዕድሜያችሁ ሲገፋ ራሱ ጥንቃቄ እየጨመረ ይሄዳል። አንዱ በቂ ነው፤ ሦስቱን መምረጥ ጥቅም የለውም።

ከዚያ "ኤክስፔንስ ሬሾ" የሚለውን ቁጥር እዩ። የፈንዱ ዓመታዊ ክፍያ ነው። 50,000 ዶላር ካላችሁ በ0.10 በመቶ ክፍያው በዓመት 50 ዶላር ነው፤ በ1 በመቶ 500 ዶላር። ቢል አይመጣላችሁም፤ ውስጥ ለውስጥ ነው የሚቆረጠው።

በሃይማኖት ምክንያት ከወለድ የምትርቁ ከሆነ ኤችአርን "ብሮከሬጅ ዊንዶው አለ ወይ?" ብላችሁ ጠይቁ። ካለ ከዝርዝሩ ውጭ ያሉ ፈንዶችን፣ በሸሪዓ መሠረት የተዘጋጁትንም ጨምሮ፣ ልትገዙ ትችላላችሁ።

ቢበላሽ፦ ገበያው ወርዶ 10,000 የነበረው 8,000 ሆኖ ብታዩት አትሽጡ። ጡረታችሁ ሩቅ ከሆነ አፑን ዝጉና ወደ ሥራችሁ ሂዱ።

ደረጃ 5፦ ወራሽ መዝግቡ

"ቤኔፊሸሪ" የሚለው ባዶ ከሆነ ዛሬውኑ ሙሉት። ባለትዳር ከሆናችሁ በአብዛኛው የግል ኩባንያ ፕላን ሕጉ ገንዘቡን ለትዳር አጋራችሁ ይሰጣል። ለእናታችሁ ወይም ለልጃችሁ ለማድረግ የትዳር አጋራችሁ በጽሑፍ መስማማት አለበት፤ ፊርማውም በኖታሪ ወይም በፕላኑ ተወካይ ፊት ይሁን። ኑዛዜ ብትጽፉም ከዚህ ፎርም አይበልጥም።

የእኛ ስም እዚህ ጣጣ ያመጣል። ሚስት የአባቷን ስም ይዛ ትቀጥላለች፤ የልጆቹ የመጨረሻ ስም የአባታቸው ስም ነው። ተስፋዬ በእንግሊዝኛ ሲጻፍ አንዱ ወረቀት ላይ በአንድ ኤስ፣ ሌላው ላይ በሁለት ኤስ ይሆናል። ስለዚህ የወራሹን ስም ከፓስፖርቱ ላይ ፊደል በፊደል ገልብጡ። ወራሹ ኢትዮጵያ ያለና የሶሻል ሴኩሪቲ ቁጥር የሌለው ከሆነ፣ ድረ ገጹም አላሳልፍ ካለ፣ የወረቀት ፎርም ጠይቁ። ስትጋቡም ስትፋቱም ተመልሳችሁ አርሙት።

ደረጃ 6፦ ከሁለት ቼክ በኋላ ፈትሹ

የደመወዝ ወረቀቱንና የ401ኬ ሒሳቡን ጎን ለጎን አድርጉ። የተቆረጠው 96 ከሆነ የገባውም 96 መሆን አለበት። ማቹ ግን በየቼኩ ላይገባ ይችላል፤ ዓመት ጠብቀው አንድ ላይ የሚያስገቡ አሉ። ሰነዱ ይነግራችኋል።

ቢበላሽ፦ ከደመወዛችሁ ተቆርጦ ሒሳቡ ውስጥ ካልገባ ቀላል ነገር አድርጋችሁ አትዩት። አሠሪው የተቆረጠውን ከራሱ ገንዘብ መለየት እንደቻለ ወዲያው ማስገባት አለበት። ቢበዛ ቢበዛ ከተቆረጠበት ቀጥሎ ባለው ወር እስከ 15ኛው የሥራ ቀን ነው። መጀመሪያ ኤችአርን በኢሜይል ጠይቁ። መልሱ "ይገባል፣ ይገባል" ብቻ ከሆነ የአሜሪካ የሠራተኛ ጉዳይ መሥሪያ ቤት፣ ዲፓርትመንት ኦፍ ሌበር፣ ጋ ደውሉ፤ 1-866-444-3272። የደመወዝ ወረቀቶቻችሁን በእጃችሁ ያዙ።

ጃንዋሪ ላይ ደብሊው-2 (አሠሪው የሚልክላችሁ የዓመት ገቢ ወረቀት) ሲመጣ ሳጥን 12ን እዩ። ዲ ከሚለው ፊደል ጎን ያለው በትራዲሽናል ያስቀመጣችሁት ነው፤ ኤኤ የሚለው ሮት ነው። ሳጥን 1 ላይ ያለው ገቢ የትራዲሽናሉ ተቀንሶለት ያለቀ ስለሆነ ሁለተኛ አትቀንሱት።

ደረጃ 7፦ ገንዘብ ሲቸግር

በዚህ ቅደም ተከተል ሞክሩ።

1. ከሌላ ቦታ፦ ቁጠባ፣ እቁብ፣ ዘመድ።
2. ብድር፦ ፕላኑ ከፈቀደ የእናንተ ከሆነው ግማሹን፣ ቢበዛ 50,000 ዶላር መበደር ይቻላል። በአምስት ዓመት ከደመወዛችሁ እየተቆረጠ ይመለሳል፤ መኖሪያ ቤት ለመግዛት ከሆነ ጊዜው ሊረዝም ይችላል። ወለዱ የሚገባው ወደ ራሳችሁ ሒሳብ ነው።
3. ያለ ቅጣት የሚወጣ፦ ልጅ ስትወልዱ ወይም በጉዲፈቻ ስትወስዱ እስከ 5,000 ዶላር፣ ለድንገተኛ ችግር በዓመት አንዴ እስከ 1,000 ዶላር የሚፈቅዱ ፕላኖች አሉ። የ10 በመቶው ቅጣት ይቀራል፤ የገቢ ታክሱ አይቀርም።
4. "ሃርድሺፕ"፣ ማለትም በከባድ ችግር ምክንያት ማውጣት፦ የመጨረሻው። የወጣው አይመለስም። ታክስ አለው፤ ብዙ ጊዜ ቅጣቱም አለበት።

ተጠንቀቁ፦ ሥራ ለመልቀቅ እያሰባችሁ ብድር አትውሰዱ። ስትለቁ ያልተከፈለው ቀሪ እንደወጣ ገንዘብ ሊቆጠር ይችላል። ከሆነባችሁ የዚያን ዓመት ታክስ እስከምታስገቡበት ቀነ ገደብ ድረስ ያንኑ ያህል ከሌላ ቦታ አግኝታችሁ አይአርኤ በሚባለው የግል የጡረታ ሒሳብ ውስጥ ካስገባችሁ ትድናላችሁ።

ደረጃ 8፦ ሥራ ስትለቁ

መልቀቂያ ከማስገባታችሁ በፊት የቬስቲንግ ቀናችሁን እዩ። ከራሳችሁ ያስገባችሁት ሁልጊዜ የእናንተ ነው። አሠሪው የጨመረው ግን ጊዜ ይጠብቃል። አንዳንዱ እስከ ሦስት ዓመት ምንም ሳይሰጥ ቆይቶ በአንዴ ሙሉውን ይሰጣል። ሌላው ከሁለተኛው ዓመት ጀምሮ በየዓመቱ 20 በመቶ እየሰጠ በስድስት ዓመት ይጨርሳል። ድረ ገጹ ላይ "ቬስትድ ባላንስ" የሚለው ከጠቅላላው ካነሰ ልዩነቱ ጥላችሁት የምትሄዱት ነው። ሁለት ወር ከቀራችሁ ሁለት ወር ታገሡ።

ከዚያ ገንዘቡን ወይ እዚያው ተዉት፣ ወይ ወደ አዲሱ አሠሪ 401ኬ አዛውሩት፣ ወይ ወደ አይአርኤ ውሰዱት። ለማዛወር፦

1. መጀመሪያ ተቀባዩን ሒሳብ ክፈቱ።
2. ወደ አሮጌው ፕላን ደውሉና "ዳይሬክት ሮልኦቨር" በሉ። ቃሉ ይኼው ነው። "ገንዘቤን ላኩልኝ" ካላችሁ እንደ እኔ ትሆናላችሁ።
3. ቼክ በፖስታ ቢልኩላችሁም የሚጻፈው በተቀባዩ ድርጅት ስም ሆኖ "ለእገሌ ጥቅም" የሚል ይኑረው። በእናንተ ስም ብቻ ከተጻፈ ባንክ አታስገቡ፤ ደውላችሁ ይቀየርልን በሉ።
4. ትራዲሽናሉ ወደ ትራዲሽናል፣ ሮቱ ወደ ሮት መግባቱን አረጋግጡ።
5. ገንዘቡ ከደረሰ በኋላ ደረጃ 4ን ድገሙ። አይአርኤ ውስጥ የገባ ገንዘብ ፈንድ እስክትመርጡለት ድረስ እንዲሁ በጥሬው ሊቀመጥ ይችላል።

ቢበላሽ፦ ቼኩ በስማችሁ መጥቶ 20 በመቶው ተቆርጦ ከሆነ 60 ቀን አላችሁ። ከ6,400ው 5,120 ደርሷችሁ ከሆነ ሙሉ ለሙሉ ለመዳን 1,280ውን ከኪሳችሁ ጨምራችሁ 6,400 አስገቡ። የተቆረጠው ታክስ ስትሠሩ ይታሰብላችኋል። 5,120ውን ብቻ ካስገባችሁ በጎደለው ላይ ታክስም ቅጣትም አለ።

ሒሳባችሁ ትንሽ ከሆነ ዝም ብላችሁ አትጥፉ። ከ1,000 ዶላር በታች ከሆነ አሠሪው ሳይጠይቃችሁ ቼክ ሊልክ፣ እስከ 7,000 ድረስ ከሆነ ደግሞ እናንተ ያልመረጣችሁት አይአርኤ ውስጥ ሊያስገባው ይችላል። ቤት ከቀየራችሁ ደብዳቤው የሚሄደው ወደ አሮጌው አድራሻ ነው።

55 ዓመት በሞላችሁበት ዓመት ወይም ከዚያ በኋላ ከለቀቃችሁ ደግሞ ከዚያ አሠሪ ፕላን ያለ 10 በመቶ ቅጣት ማውጣት ይቻላል። ወደ አይአርኤ ካዛወራችሁት ግን ይህ ዕድል ይቀራል። ስለዚህ ገንዘቡን ቶሎ የምትፈልጉት ከሆነ አታዛውሩ።

ደረጃ 9፦ የጠፋ ሒሳብ፣ ወደ ሀገር ቤትም መመለስ

ድሮ የሠራችሁበት ቦታ የተረሳ ሒሳብ ካለ፣ ያው ዲፓርትመንት ኦፍ ሌበር በ2024 መጨረሻ የከፈተው "ሪታየርመንት ሴቪንግስ ሎስት ኤንድ ፋውንድ" የሚባል መፈለጊያ አለ። ሎጊን ዶት ገቭ በሚባለው የመንግሥት መግቢያ ሒሳብ ይገባል። ካላገኛችሁት የድሮ ደብሊው-2 አውጡና የአሠሪውን ስም ይዛችሁ በስልክ ጠይቁ።

ኢትዮጵያ ተመልሳችሁ ልትኖሩ ከሆነ ገንዘቡን ይዛችሁ መሄድ የለባችሁም፤ ባለበት መቆየት ይችላል። የአሜሪካ ዜጋ ከሆናችሁ የትም ብትኖሩ ለአሜሪካ ታክስ ማሳወቃችሁ አይቀርም። ግሪን ካርዳችሁን መልሳችሁ ከሆነ ግን አሜሪካና ኢትዮጵያ የገቢ ታክስ ስምምነት ስለሌላቸው በምታወጡበት ጊዜ 30 በመቶ ይቆረጣል። ከመመለሳችሁ በፊት ታክስ የሚያውቅ ሰው አማክሩ።

አውሮፕላን ከመሳፈራችሁ በፊት ደግሞ የ401ኬ ድረ ገጹን የመግቢያ ኮድ ከአሜሪካው ስልክ አላቅቁት። መስመሩ ከተዘጋ በኋላ ኮዱ የሚሄደው ወደዚያው ቁጥር ነው። ቁጥሩንም ስልክ ድርጅቱ ለሌላ ሰው ይሰጠዋል። ኮዱን ወደ ኢሜይል ወይም ኮድ ወደሚያወጣ አፕ ቀይሩት፤ ከዚያ ወጥታችሁ እንደገና ግቡና መሥራቱን እዚያው እያላችሁ ሞክሩት።